አርዝ፣ ዝግባ፣ ጥድ፦ የአንድ ስምና የአንድ አጥር ታሪክ

ክርክሩ የተነሣው በመኝታ ክፍላችን ውስጥ፣ መብራት ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከመካከላችን አንዱ እንደ ልማዱ አልጋው ላይ ተቀምጦ ዳዊቱን በአማርኛ ያነባል። «የሊባኖስ ዝግባ» ከሚለው ሲደርስ ከጎን ክፍል ለወሬ የመጣ የባዮሎጂ ተማሪ አቋረጠውና «ለመሆኑ ይሄ ዝግባ የኛው ዝግባ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አንባቢው ጥያቄውን እንደ ነገር ፍለጋ ቆጥሮት «ዝግባማ ዝግባ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?» አለ። የዳንግላው ጓደኛችን ደግሞ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ «የለም፣ የለም! የሊባኖሱ ጥድ ነው። በኛ አገር በየደብሩ ዙሪያ የቆመው እሱ ነው፤ ፈረንጆቹም ሴዳር የሚሉት ጥዱን ነው» ሲል ገባበት። ባዮሎጂው ሳቅ ብሎ «ሁለታችሁም ተሳስታችኋል» አለና በሩን ዘግቶ ወጣ።

መቼም ተማሪ ተሳስተሃል ተብሎ እንቅልፍ አይወስደውም። እኛ የዕፅዋት ሊቆች አይደለንም፤ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ነን። ስለዚህ «ትክክለኛው ዛፍ የቱ ነው?» የሚለውን ለባዮሎጂው ትተን ሌላ ጥያቄ ያዝን፦ ይህ ስም ከዛፍ ወደ ዛፍ እንዴት ተሻገረ? ስሙ የደረሰበት ዛፍስ ምን ዕድል ገጠመው? ጥያቄው ከሊባኖስ አስነሥቶ ወደ እንጅባራና ወደ ዳንግላ ይመልሰናል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካላልን በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

*

በመጀመሪያ ሦስቱን ዛፎች እንለያቸው።

አንደኛው የሊባኖሱ ነው። ሊቃውንት ሴድሩስ ሊባኒ ይሉታል። ቅርንጫፎቹ እንደ ጠረጴዛ ወደ ጎን ተዘርግተው ይነባበራሉ፤ መርፌ የመሰሉት ቅጠሎቹ በእቅፍ በእቅፍ ሆነው ይበቅላሉ፤ ፍሬው እንደ ትንሽ በርሜል ቀጥ ብሎ ቅርንጫፉ ላይ ይቆማል። ወንድሞቹ በአትላስ ተራሮች፣ በቆጵሮስና በሂማላያ ይገኛሉ። በኢትዮጵያ ምድር ግን በተፈጥሮ የበቀለበት ቦታ የለም።

ሁለተኛው የኛው ዝግባ ነው፤ የሳይንስ ስሙ አፍሮካርፑስ ፋልካቱስ፣ ቀድሞ ፖዶካርፑስ ይባል የነበረው። ቅጠሉ ጠፍጣፋና ቀጭን ነው፤ ፍሬው ድብልብል ሆኖ አንድ ጠንካራ ዘር ይይዛል። ጣውላው ልስልስና ያለ አንጓ ስለሆነ አናጢ የሚወደው ነው። ዘመዶቹ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ይበዛሉ። ስሙንም ቢሆን መጀመሪያ ያገኘው ከደቡብ አፍሪካ በተወሰደ ናሙና ነው።

ሦስተኛው ጥድ ነው፤ ዩኒፔሩስ ፕሮሴራ። ፕሮሴራ ማለት በላቲን ረጅም፣ መለሎ ማለት ነው፤ ስሙም ይገባዋል፤ ሲመቸው እስከ 40 ሜትር ያድጋልና። ችግኝ ሳለ ቅጠሉ እሾህ መሰል ሆኖ ይዋጋል፤ ሲጎለምስ ግን እንደ ዓሣ ቅርፊት ቅርንጫፉ ላይ ይለጠፋል። ልጡ በቀጫጭኑ እየተሰነጠቀ ይላጣል። ፍሬው ትንሽ፣ ሰማያዊ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ ዐመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ነው። ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ዛፎች ናቸው፤ ፍሬ የምታፈራው ሴቷ ብቻ ናት። የእንጨቱ ውስጥ ቀላ ይላል፤ ሲፈለጥ ይሸታል፤ ምስጥ አይደፍረውም። ከዐረብ ምድር ተራሮች ተነሥቶ በኢትዮጵያና በኬንያ በኩል እስከ ዚምባብዌ ይወርዳል። ከጥድ ወገን ሁሉ የምድርን ወገብ በራሱ ተሻግሮ በደቡብ የበቀለ እሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሦስቱ ወንድማማቾች ቀርቶ የአንድ ቤት ልጆች እንኳ አይደሉም፤ በዕፅዋት ሊቃውንት አመዳደብ ሦስቱም የሦስት የተለያዩ ቤተሰቦች ናቸው። በአገራችን በተፈጥሮ የሚበቅሉ እንዲህ ያሉ ዛፎች ዝግባና ጥድ ሁለቱ ብቻ ናቸው። በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ አጥር የምናየው፣ ለገናም ቅርንጫፉን የምንቆርጠው የፈረንጅ ጥድ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። እሱ ፍሬው እንደ እንጨት ደርቆ ይከፈታል፤ የሐበሻው ጥድ ፍሬ ግን ሥጋ አለው። ለወፍ ምግብ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ባዮሎጂው እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበር።

*

ነገር ግን ስም የራሱ ታሪክ አለው። ዕብራይስጡ ኤሬዝ ይላል፤ ዐረብኛው አርዝ ይላል፤ ግዕዙም አርዝ ይላል፤ ዘግባ የሚልም አለው። የጢሮስ ንጉሥ ኪራም ለሰሎሞን ቤተ መቅደስ እየቆረጠ በባሕር የላከው ይህ አርዝ ነው። ከሰሎሞንም ብዙ ዘመን ቀድሞ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2500 ገደማ፣ በጊዛው ፒራሚድ አጠገብ የተቀበረው የንጉሥ ኩፉ ታላቅ መርከብ የተሠራው ከዚሁ ከሊባኖስ እንጨት ነው።

መጽሐፉ ወደ ደጋው ሲመጣ ዛፉ አብሮት አልመጣም። ሊባኖስን አይቶ የማያውቅ ሕዝብ «አርዝ» ሲባል ምን ይታየው? ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ዓመቱን ሙሉ ለምለም፣ እንጨቱ ለመቅደስ የሚበቃ ዛፍ ይታየዋል። እንዲህ ያለ ዛፍ ደግሞ ከደጁ ቆሟል። ተርጓሚዎች ዝግባ አሉት፤ ሌላው ጥድ ነው አለ። ይህን ስሕተት ብለን ልንስቅበት አይገባንም። ግሪኮች ራሳቸው «ኬድሮስ» የሚለውን ቃል ለጥድ ዓይነቶችም ለሊባኖሱ ዛፍም ይጠሩበት ነበር። ወደ አሜሪካ የተሻገሩት እንግሊዞችም በዚያ ያገኙትን ቀይና መዓዛማ ጥድ «የቨርጂኒያ ሴዳር» አሉት። ሁሉም የሄዱት በሽታው፣ በቅላቱ፣ ነቀዝና ምስጥ ባለመድፈሩ ነው። እንዲያ ከሆነ የዳንግላው ጓደኛችን ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ የተናገረው የግሪክ ድጋፍ አለው ማለት ነው!

ታሪኩ የሚጠብቀው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ከጎንደር ተነሥቶ በአገው አገር በኩል ግሽ የደረሰው ኅዳር 4 ቀን 1770 ነው። ግሽ ዛሬ ከአዊ ድንበር ብዙም በማይርቀው በሰከላ ወረዳ ይገኛል። ብሩስ ስለ ዳሞት አገዎች ሲያወሳ ጎንደርን በማርና በቅቤ በቆዳም የሚቀልቡ ናቸው ይላል። ማር ባለበት አበባ፣ አበባ ባለበት ዛፍ መኖሩን ለመገመት ደግሞ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በ1790 ባሳተመው አምስት ቅጽ መጽሐፉ የኮሶን ዛፍ ሥዕል ሳይቀር አስገብቷል። (እንጅባራ ኮሶ በር የሚባል ሌላ ስም እንዳላት እዚህ ላይ እናስታውስ፤ ከተማዋ ራሷ በዛፍ የተጠራች ናት።)

ይኸው ብሩስ ስለ አገራችን አብያተ ክርስቲያናት ሲጽፍ ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ በኮረብታ አናት ላይ ተሠርተው ዙሪያቸውን በጥድ መከበባቸውን ይናገራል፤ እሱም እንደ አገሩ ሰው «የቨርጂኒያ ሴዳር» ይለዋል። ሁለተኛ፣ የአገሩ ሰዎች ዛፉን «አርዝ» እንደሚሉት ይመሰክራል። ለምድሪቱ ውበት ከእነዚህ አብያተ ክርስቲያናትና በዙሪያቸው ከተተከሉት ዛፎች የሚተካከል የለም ብሎም ያደንቃል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ብሩስ ጥዶቹን በረድፍ የቆሙ አድርጎ ነው የሚገልጻቸው፤ የተተከሉም ይላቸዋል። ጫካ ደግሞ በረድፍ አይበቅልም። ረድፍ ካለ እጅ አለ፤ ገመድ የዘረጋ፣ ጉድጓድ የቆፈረ፣ ከከብት የጠበቀ ሰው አለ ማለት ነው። ሁላችንም ከልጅነታችን የተማርነው የቤተ ክርስቲያን ደን የጥንቱ ታላቅ ጫካ ቅሪት ነው፣ ሌላው ሲጨፈጨፍ እሱ ተረፈ የሚል ነው። በብዙ ቦታ ይህ እውነት ነው፤ በደብሩ ውስጥ ያሉት ወይራው፣ ሰሳው፣ ጥቁር እንጨቱ ይመሰክራሉ። ጥዱ ግን፣ ቢያንስ ብሩስ ባየበት ቦታ፣ የተረፈ ሳይሆን የተሠራ ነው። በዝናባማው በአዊ ደጋ ጥድ ከሌሎች ዛፎች ጋር ተደባልቆ የሚኖር እንጂ ብቻውን ጫካውን የያዘ ንጉሥ አልነበረም። በደብሩ ዙሪያ ረድፍ ሠርቶ ሲቆም ግን አንድ ሰው ለዚህ ቦታ አርዝ ይገባዋል ብሎ ስላቆመው ነው። መጽሐፉ የሰሎሞን መቅደስ በአርዝ ተሠራ ስላለ፣ የኛም መቅደስ አርዝ ሊኖረው ይገባል ተብሎ ይሆናል። ይህ ግምታችን ነው፤ ግን ስሙ ራሱ ወደዚያ ይመራል።

ሁለተኛም ነገር አለ። ያ መንገደኛ በጥድ የተከበበውን ኮረብታ ከሩቅ ለይቶ ሊያደንቅ የቻለው በዙሪያው ያለው ምድር ገላጣ ቢሆን አይደለም ወይ? ምድሩ ሁሉ ጫካ ቢሆን ኖሮ ረድፉ ከየት ተለይቶ ይታይ ነበር? ከመቶ ዓመት በፊት ኢትዮጵያ 40 በመቶዋ ደን ነበረ የሚባለውን ቁጥር በየመድረኩ ሰምተነዋል። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን በ1997 ባሳተመው ጥናት ይህ ቁጥር ጠንካራ መሠረት እንደሌለው፣ ሰው ደጋውን ማረስና ማራቆት የጀመረው ከዚያ እጅግ ቀድሞ እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ አያቶቻችንን «ሙሉ ጫካ ተረክባችሁ ባዶ መሬት አስረከባችሁን» ብለን ከመክሰሳችን በፊት ትንሽ ትዕግሥት ያሻል። ገላጣ ምድር ላይ ዛፍ የተከሉም እነሱ ናቸውና።

እንዲህ ያለ ትውፊት በሌላም ቦታ አለ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው የመናገሻ ሱባ ጥድ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው ያስተከሉት ነው እየተባለ ይተረካል። ትረካው እውነትም ይሁን ተረት፣ ሕዝቡ ጥድን ሰው ሊተክለው የሚገባ ዛፍ አድርጎ ማሰቡን ያሳያል።

*

ሥዕሉን ግን አናሳምረው። ረድፉ በማን ጉልበት ተተከለ? በጉልት መሬት ላይ የሚያርሰው ገበሬ ጉልበት እንደነበረበት አንጠራጠርም። ከአጥሩ ውስጥ ያለውን ዛፍ ውግዘት ጠበቀው፤ ከአጥሩ ውጭ ያለውን ግን የጠበቀው አልነበረም። ቤት ሲሠራ ምሰሶው ጥድ ነው፤ አጥር ሲታጠር ቋሚው ጥድ ነው፤ ምስጥ አይበላውማ! በጎነቱ ጠላቱ ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክ እንጦጦን ሲቆረቁሩ በዙሪያው የነበረው ጥድ ለግንብና ለማገዶ አለቀ፤ በ1890ዎቹ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መምጣቱ ከተማዋን ከስደት አዳናት ይባላል። በኬንያ ደግሞ በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የዚያው የኛው ዓይነት ጥድ እየተሰነጠቀ ለእርሳስ መሥሪያ ወደ ውጭ ይላክ ነበር፤ ሲቀረጽ ስለማይሰነጠር የእርሳስ ፋብሪካ ይወደዋል። «የእርሳስ ሴዳር» የሚለውን ስም ያገኘው ከዚሁ ነው። አያቶቻችን ለመቅደስ የተከሉትን ዛፍ ዓለም በእርሳስ አወቀው!

የሳይንስ ስሙም ቢሆን የመጣው በዚሁ በውጭ ሰው በኩል ነው። ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር በ1837 ወደ አገራችን ገብቶ በ1878 ዐድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ ዕፅዋት እያደረቀ ወደ አውሮፓ ላከ። ዩኒፔሩስ ፕሮሴራ የሚለው ስም በ1847 በመጽሐፍ የታተመው ከሰሜን ኢትዮጵያ በሄደ እንዲህ ባለ ናሙና ነው። በዳንግላም ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የጣናንና የዓባይን ካርታ ሲያነሣ፣ ጎን ለጎን ወፎችን ይሰበስብ ነበር፤ መጽሐፉንም በ1936 አሳተመ። የውጭ ሰው ሲመዘግብ እኛ የት ነበርን? ተከልን፣ ጠበቅን፣ ቆረጥን፤ አልጻፍንም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ። ቤተ ክርስቲያንም የእርሻ መሬቷን አጣች። «መሬት ላራሹ» ብለው በዚህች ከተማ መንገድ ላይ የወጡት ተማሪዎች የጠየቁት ጥያቄ ስለነበር ለዚህ ቀን የሚያዝን ተማሪ አታገኙም። ለዛፉ ግን ውጤቱ ሌላ ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ በሰፊ መሬት ላይ የነበራት ሥልጣን ሲያበቃ ቅጥር ግቢዋ ብቻ ቀረላት። ከዚያ በፊት እንደ ድንበር ለስላሳ የነበረው የደብሩ ዙሪያ ከዚያ በኋላ እንደ ስለት ሆነ፤ ከመስመሩ ወዲህ ጥድ፣ ከመስመሩ ወዲያ ጤፍና ገብስ። ዛሬ በሰሜኑ ደጋ በአውሮፕላን ያለፈ ሰው በቢጫ ማሳ መካከል እንደ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያሉ አረንጓዴ ክቦች ያያል። እነዚያ ነጠብጣቦች አብያተ ክርስቲያናት ናቸው።

የሚገርመው የሊባኖሱ ዕጣ ከኛው ጋር መመሳሰሉ ነው። ሮማዊው ቄሣር ሀድሪያን (117–138) በሊባኖስ ተራሮች ላይ ዛፎቹ የንጉሥ ናቸው የሚል ጽሑፍ በድንጋይ አስቀርጿል፤ ከ200 በላይ እንደዚህ ያሉ ጽሑፎች ተገኝተዋል። ጫካው ግን ማለቁ አልቀረም። በስም ከታወቁት የተረፉት ዛፎች አንደኞቹ በብሻሪ አካባቢ በአንዲት የማሮናውያን ጸሎት ቤት ዙሪያ የቆሙት ናቸው። በ1876 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በከፈለችው ገንዘብ ፍየል እንዳይገባ የድንጋይ አጥር ተሠራላቸው። በሊባኖስ የንጉሥ ዐዋጅ ያልጠበቀውን ጸሎት ቤትና የድንጋይ አጥር ጠበቀው። በጎጃምም እንዲሁ ነው። ያልተዛመዱት ሁለት ዛፎች በስም ተገናኙ፤ በዕጣም ተገናኙ።

*

አሁን ወደ አዊ እንመለስ።

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በመኪና ሲኬድ ዐይን የሚሞላ አረንጓዴ ነው። በተለይ በፋግታ ለኮማና በባንጃ ወረዳዎች ኮረብታው ሁሉ ዛፍ ነው። ይህን ያየ እንግዳ «ደኑ ተመለሰ» ቢል አይፈረድበትም። ይሁንና ዛፉ ዲከረንስ ነው፤ እንደ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ገበሬው ባዘቀጠው ማሳው ላይ ይተክለዋል፤ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ይዘራበታል፤ በአራት ወይም በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል፤ ከሰሉም ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። ከዚያ መሬቱን አርሶ እንደገና ይጀምራል። ይህን ያቀደለት ባለሥልጣን የለም፤ ራሱ ቆጥሮ የደረሰበት ነው። የታመመ አፈሩን አዳነበት፤ ቆርቆሮ ቤት ሠራበት፤ ልጁን አስተማረበት። በዚህ ክፍል ውስጥ ከሚተኙት መካከል የትምህርት ቤት ደብተሩ የተገዛው በከሰል ገንዘብ የሆነ አለ። ስለዚህ በዲከረንስ ላይ አፋችንን አንከፍትም።

አንድ ነገር ግን እንላለን። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የያዘ ኮረብታ አንድ ዓይነት በሽታ ይበቃዋል። በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ ገብቶ የዲከረንሱን ችግኝና ቅጠል ሲያበላሽ የገበሬው ሒሳብ እንዴት እንደተናጋ የአካባቢው ልጆች ያውቁታል። በዚያ ላይ በአራት ዓመት የሚቆረጥ ዛፍ ለወፍ ጎጆ፣ ለንብ ቀፎ፣ ለምንጭ ራስ የሚበቃ ጥላ ሆኖ አይሰነብትም።

እና ጥዱስ? ጥዱ በደብሩ ውስጥ አለ። በዓለም ደረጃ ሲታይ ዝርያው ሊጠፋ ነው ከሚባሉት አይደለም፤ ይህን ሳንሸሽግ እንናገር። ከየመን እስከ ዚምባብዌ የተዘረጋ ዛፍ በአንድ ዞን ውስጥ ቢመናመን ከምድር ላይ አይጠፋም። የሚጠፋው ከኛ ነው። በደብሩ ያለው ጥድ ደግሞ አብዛኛው ሽማግሌ ነው። ሴቷ ፍሬ እንድታፈራ ወንዱ በነፋስ መንገድ ላይ መኖር አለበት፤ ወፍ ፍሬውን በልታ ዘሩን የምትጥልበት ጥላ ያለው አፈር መኖር አለበት፤ ችግኙ እሾኹን አውልቆ ቁመት እስኪያወጣ ከከብት እግር መትረፍ አለበት። በክብረ በዓል ቀን ሕዝብ የሚቆምበት፣ በሌላው ቀን በቅሎና በግ የሚውልበት ግቢ ለሽማግሌው ዛፍ መጠጊያ ነው፤ ለሕፃኑ ግን መንገድ ነው። በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ብዙ የደከመው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ያሳየንም ይህንኑ ነው፤ ከብት በሚገባበት ደን ችግኝ ለመብቀልም ለማደግም ይቸገራል። መድኃኒቱም ቀላል ሆኖ ተገኘ፦ የድንጋይ አጥር። ከማሳው የሚለቀመው ድንጋይ በደኑ ዙሪያ ሲካብ ማሳው ይጠራል፣ ደኑ ይጠበቃል። ንግሥቲቱ በብሻሪ የከፈለችበትን ሥራ በደቡብ ጎንደር ካህናትና ገበሬዎች በገዛ ድንጋያቸው አደረጉት።

ታዲያ አጥር ብቻ ይበቃል ወይ? ብሩስ የጻፈውን ረድፍ ያነበበ ሰው አይበቃም ይላል። አጥር ያለውን ይጠብቃል፤ ረድፍ ግን ያልነበረውን ያመጣል። አያቶቻችን ሁለቱንም ያውቁ ነበር፤ እኛ ጋ የደረሰው መጠበቁ ብቻ ነው። መትከሉን ለደብሩ አለቃ ትተን፣ ደብሩም ለዘመቻ ቀን ትቶ፣ የዘመቻ ቀን ደግሞ በአብዛኛው ቶሎ የሚያድገውን ችግኝ ይዞ ይመጣል።

ገበሬው ጥድ ለምን አይተክልም ብለን አንጠይቀው። መልሱን እናውቃለን። ዲከረንስ በአራት ዓመት ይከፍላል፤ ጥድ ለምሰሶ እንዲበቃ የተካዩ ዕድሜ ላይበቃ ይችላል። መሬቱ ነገ በማን እጅ እንደሚሆን እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ለልጅ ልጁ ዛፍ ትከል ቢባል ይስቃል። ቤተ ክርስቲያን ጥድ ልትተክል የቻለችው ዕድሜዋ ከአንድ ሰው ዕድሜ ስለሚረዝም ነው፤ መጠበቅ ትችላለች። ዛሬ ከእሷ ሌላ መጠበቅ የሚችል ማን አለ? ትምህርት ቤት አለ፤ ጤና ጣቢያ አለ፤ ቀበሌ አለ፤ ዩኒቨርሲቲ አለ። እነዚህ ሁሉ ግቢ አላቸው፤ ግቢያቸውም አጥር አለው። በአጥራቸው ጥግ የቆመው ግን የፈረንጅ ጥድ ነው። ሳንለየው ስላደግን ጥድ እንለዋለን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው።

*

ባዮሎጂው በማግስቱ ተመልሶ መጣ። የደረስንበትን ስንነግረው ብዙ አልተከራከረም። ይልቅስ ከኪሱ ቅርንጫፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለና «ይሄ ምንድን ነው?» አለን። አንዱ ጥድ አለ፤ ሌላው ዝግባ አለ። ከዩኒቨርሲቲው በር የተቆረጠ የፈረንጅ ጥድ ነበር። ስለ ሊባኖስ፣ ስለ ኪራም፣ ስለ ብሩስ ያን ሁሉ አንብበን በየቀኑ በሥሩ የምናልፈውን ዛፍ አላወቅነውም። አፈርን።

ስለዚህ ለአንባብያን ጓደኞቻችን ትልቅ መፈክር አናቀርብም። ለዕረፍት አገር ቤት ስትሄዱ፣ በተለይ ወደ አዊ የምትሄዱ፣ አንድ ቀን ወደ ደብራችሁ ግቢ ግቡ። ጥዱን ፈልጉ፤ ሴቷን በሰማያዊ ፍሬዋ ታውቋታላችሁ። የቆመችው በረድፍ ነው ወይስ እንዲሁ? በረድፍ ከሆነ ማን እንደተከላት ቄሱን ጠይቁ፤ ካላወቁም ከሳቸው የሚበልጡ ሽማግሌ ይኖራሉ። አውኛ ለሚናገሩ አያቶቻችሁ የየዛፉን ስም በአውኛ ጠይቁና ጻፉ፤ ስሙ ከሳቸው ጋር ሲቀበር ዛፉን የሚጠራው አይኖርም። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ ከሥሯ ያለውን መሬት እዩ። የጣት ቁመት ያላት፣ ቅጠሏ የሚዋጋ ችግኝ ካገኛችሁ፣ ከሚረገጠው መንገድ አንሡና ከነአፈሯ አጥሩ ጥግ ትከሏት፤ ድንጋይም ክቡላት። ካላገኛችሁ ግን ፍሬውን በኪሳችሁ ይዛችሁ ኑ። የዳንግላው ጓደኛችን ከመኝታ ክፍላችን ጀርባ ቦታ ቆፍሮ እየጠበቀ ነው።